ዳኛው ለምን ታክሲ ይነዳሉ? ለሕግ ባለሙያ ወገኖቻችን



ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁላችንም «ዳኛው» እያልን የምንጠራቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አገር ቤት ከ10 ዓመት በላይ ችሎት ላይ ተቀምጠው ፈርደዋል። «ለምን በሙያዎ አይሠሩም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ የእኛ ሕግ እዚህ አይሠራም፣ ጊዜውም አልፏል» አሉኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የማወራው ስለ አሜሪካ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። በአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ስለዚህ «አሜሪካ የውጭ ዲግሪ አትቀበልም» የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም። ጥያቄው የትኛው ስቴት የሚለው ነው።

ኒውዮርክን እንይ። የእኛ ዲግሪ በዓመት ብዛት አይወድቅም። ችግሩ የሕጋችን ሥርዓት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን በ1960 እ.ኤ.አ. ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፣ መሠረቱም የአውሮፓ ነው። ኒውዮርክ ደግሞ የእንግሊዞቹን ኮመን ሎው ትፈልጋለች። ይህን ክፍተት የሚሞላው እውቅና ባለው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሠራ የ24 ክሬዲት ኤልኤልኤም (ማስተርስ) ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 26 ክሬዲት ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ለየት ትላለች፦ አገር ቤት የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ተጨማሪ ትምህርት ሳይማር ለፈተናው መቀመጥ ይችላል። ልብ በሉ፣ ፈቃድ ነው ያልኩት። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የጥብቅና ፈቃድ ያላወጣ ሰው በዚህ በር አይገባም። ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ እንዳይሰረዝባችሁ ተከታተሉ።

ከዚያ ባር ኤግዛም የሚባለው ፈተና አለ። በየካቲትና በሐምሌ ገደማ (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪና ጁላይ) ሁለት ሁለት ቀን ይሰጣል። ሁለት መቶ ገጽ አንብቦ የሚታለፍ አይደለም፣ ወራት የሚወስድ ጥናት ይፈልጋል። ግን የሕግ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሱ። ይህ ብዙ አገር ያላገኘው ዕድል ነው።

የሚያስቸግረው ፈተናው ብቻ ሳይሆን ወረቀቱም ነው። ኒውዮርክ የትምህርት ማስረጃውን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላት ትፈልጋለች። እጃችሁ ላይ ያለው ኮፒ አይበቃም። ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚያስጨርስ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ብር አጠራቅሜ እጀምራለሁ ከማለት፣ ወረቀቱን ዛሬ ጀምሩ። ወረቀት መጠየቅ ብዙ ብር አይፈልግም፣ ጊዜ ግን ይበላል።

«ማስተርሱ በብዙ ሺህ ዶላር ነው፣ ከየት አመጣለሁ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚያም ነው መሃሉ ላይ ያሉትን ሥራዎች ማወቅ ያለብን። የጠበቃ ረዳት (ፓራሊጋል) ለመሆን በአብዛኛው ስቴት ፈቃድ አይጠየቅም። የባንክ ኮምፕላያንስ ክፍልም እንደዚያው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የየስቴቱ ፈተና አለው፣ ሕግ የተማረ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ቃሉን አይስትም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይኼ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቃ ላልሆኑ ሰዎችም በኢሚግሬሽን ጉዳይ የመወከል ፈቃድ ይሰጣል። አመልካቹ ግን ግለሰቡ ሳይሆን እውቅና ያለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ገብቶ መሥራት፣ በነጻም ቢሆን መጀመር፣ በር ይከፍታል። ደግሞም ኢሚግሬሽን የፌዴራል ሕግ ነው። የኒውዮርክ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሜሪላንድ ተቀምጦ የኢሚግሬሽን ጉዳይ መያዝ ይችላል።

ሲቪያችሁን ስትጽፉ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ያገባ ያላገባ የሚለውን አውጡት። «ዳኛ ነበርኩ» የሚለውን ግን አትደብቁ። ምን ዓይነት መዝገብ እንደያዛችሁ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ በግልጽ ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ «አንተ ሕግ አዋቂ ነህ፣ እስቲ ይቺን የጥገኝነት ፎርም ሙላልኝ» ይለዋል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። አንዳንዱም ትንሽ ገንዘብ ይቀበላል። ወገኖቼ፣ ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር መስጠት ክልክል ነው፣ በአንዳንድ ስቴት ወንጀል ነው። ነገ ባር ኤግዛሙን ብታልፉ እንኳ ስለ ጠባያችሁና ስለ ያለፈ ሥራችሁ ምርመራ አለ። ዛሬ በደግነት የሞላችሁት ፎርም የዚያን ቀን ይመጣባችኋል። ለባለ ጉዳዩም ጥሩ አይደለም። የጥገኝነት ማመልከቻ አሜሪካ በተገባ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፣ አንድ የተሳሳተ ቃል ደግሞ ሰውን ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ «እኔ አልሞላልህም፣ ግን ፈቃድ ያለው ነጻ አገልግሎት ጋ እወስድሃለሁ» በሉ። ይህም ውለታ ነው።

ይህን ሁሉ ለዳኛው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ማስተርሱን ተወው፣ ያ ድርጅት የሚሉት የት ነው ያለው?» አሉ። በማግሥቱ ስልክ ደወልን። እስካሁን መልስ እየጠበቅን ነው።

ደንቦች ስለሚቀያየሩ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትፈልጉት ስቴት የባር ፈታኞች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ሕግ ተምሮ መኪና የሚያቆም፣ ሆቴል የሚሠራ ወገን የምታውቁ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፣ ግን ሳያውቁ መቅረት ያሳዝናል።