የከብት ምራቅና የጉሮሮ ንፍጥ ሲለወጥ፥ ምክንያቱና መድኃኒቱ

ባለፈው ዓመት በበጋው መጨረሻ ከአንድ ወረዳ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ «በወረዳችን የከብቱ ለሐጭ እየተዝረበረበ ስለ ተቸገርን መድኃኒት ባስቸኳይ ይላክልን።» ደብዳቤውን ተቀብዬ ወደ ክፍሉ የመራሁት እኔ ነበርሁና፥ ለሐጭ ካለ የአፍና የእግር በሽታ ነው ብዬ በግርጌው ጻፍሁበት። ሐኪሙም በዚያው መሠረት ክትባቱን በበረዶ ዕቃ ይዞ ሁለት ቀን ተጕዞ ቢደርስ፥ የከብቶቹ እግር ደኅና ሆኖ ምራቃቸው ግን ደም የተቀላቀለበት ሆኖ አገኘው። የአንዱን ወይፈን አፍ አስከፍቶ በባትሪ መብራት ቢመለከት ከምላሱ ሥር አልቅት ተጣብቆ ነበር። ክትባቱም ሳይሠራበት ተመለሰ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ስሕተቴ ነው፤ ለሐጭ የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም ነበርና።

አስቀድሞ ምራቅ ለከብት ምን እንደሚያደርግላት ማወቅ ይገባል። አንዲት የደረሰች ላም በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ100 እስከ 150 ሊትር የሚደርስ ምራቅ ታመነጫለች። ይህ ምራቅ ተራ ውኃ አይደለም፤ የሶዳ ጠባይ ያለው ጨው አለበት። የበላችው ሣርና ገለባ በጨጓራዋ ውስጥ እንደ ጠላ ድፍድፍ ሲብላላ ኮምጣጣ ነገር ይፈጥራል፤ ስታመሰኳም እየዋጠች የምታወርደው ምራቅ ያን ኮምጣጣነት ያበርደዋል። ስለዚህ ብዙ ገለባ የምታኝክ ላም ብዙ ምራቅ አላት። አውድማ ሰብሮ ገብቶ እህል የጠገበ በሬ፥ ወይም ለማድለብ ሲባል ባንድ ጊዜ ፋጉሎና ፉርሽካ የተጫነበት ሰንጋ ግን ማኘኩ ስለሚያንስ ምራቁ ይጎድላል፤ ኮምጣጣውም ያይልና ከብቱ ይዝላል፥ ማመስኳቱን ያቆማል፥ አንዳንዱም ባንድ ቀን ይሞታል። የዚህ መከላከያው ድርቆሽና ገለባ አስቀድሞ ማብላት፥ እህሉንም ከጥቂት ጀምሮ በየቀኑ እየጨመሩ ማስለመድ ነው። የውኃ ጥምና ትኩሳትም ምራቅን ያደርቃሉ።

ጤነኛ ከብት ይህን ሁሉ ምራቅ ስለምትውጠው ከአፏ ሲንጠባጠብ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ለሐጭ ተንጠልጥሎ ባየን ጊዜ ከሦስት አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ የምራቁ ዕጢ ከልክ በላይ አመንጭቷል፥ ወይ አፍዋ ቈስሎ መዋጥ አሳምሟታል፥ ወይም ጉሮሮዋ ተዘግቶ ወይም ሰንፎ አልውጥ ብሏታል። መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

አፍ በመቍሰል ከሚመጡት ዋናው የአፍና የእግር በሽታ ነው። ከብቱ በመጀመሪያ ያተኵሰዋል፤ ቀጥሎ በምላሱ፥ በድዱና በሰኮናው መካከል ውኃ የቋጠረ ቍስል ይወጣበታል፤ ቋጠሮውም ሲፈርጥ ለሐጩ እንደ ገመድ እየተሳበ ይወርዳል። ከንፈሩን እየመጠጠ ድምፅ ያሰማል፥ ያነክሳልም። ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት አፍና እግር ባንድነት መታመማቸውና በሽታው ባንድ ከብት ሳይወሰን በጥቂት ቀን መንጋውን ማዳረሱ ነው። ትልልቁን ከብት ብዙውን ጊዜ አይገድለውም፤ ጥጆችን ግን ልባቸውን እየመታ ይገድላል፤ በእርሻ ወራት ከገባም በሬው ከቀንበር ስለሚውል የሚጎዳው የዓመት እህል ነው። ፈውስ የለውም። አፉን በጨው ውኃ ማጠብ፥ ለስላሳ ሣር ማቅረብ፥ የታመመውን ከደኅናው መለየትና ወደ ገበያ አለመንዳት ነው። በበረት የገባ ሰው ጫማውንና እጁን በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ውኃ ይታጠብ። ክትባት አለው፤ ነገር ግን የዚህ በሽታ ተሐዋሲ ሰባት ዓይነት ሆኖ ስለ ተለየና ያንዱ ክትባት ለሌላው ስለማይከላከል፥ ሐኪም ናሙና ወስዶ ዓይነቱን ሳያስመረምር ክትባት ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ለሐጭ ሲያዩ «ደስታ ገባ» እያሉ ይደነግጣሉ። ክፉውን በመልካም ስም መጥራታቸው ስሙን ፈርተው ይመስለኛል። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በክፉ ቀን ዘመን ከአገራችን ከብት ከአሥር ዘጠኙን እጅ ያህል እንደ ፈጀ የሚገመተው ይኸው በሽታ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ዓመት የክትባት ሥራ ደስታ ከምድር ላይ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ ታውጇል። ስለዚህ ዛሬ በደብዳቤ «ደስታ ነው» ብሎ መጻፍ ገበያ ከማዘጋትና ሕዝብ ከማሸበር በቀር ጥቅም የለውም፤ የታየውን ምልክት ብቻ መጻፍ ይበቃል።

አንድ ከብት ብቻውን፥ ደኅና ሲበላ ቆይቶ ባንድ ጊዜ ለሐጩ ቢወርድ፥ አንገቱንም ቢዘረጋና ቢያስለው፥ ያነቀው ነገር እንዳለ ይገመታል። የሚያንቀውም ብዙውን ጊዜ ድንች፥ ቆረቆንዳ ወይም የማንጎ ፍሬ ነው። ማግሳት ስለማይችል ግራ ጎኑ ይነፋል። እዚህ ላይ ገበሬዎች በጉሮሮው እንጨት መስደድ ልማድ አድርገዋል፤ የጉሮሮን ሥጋ ይቀዳልና ይከልከሉ። ዘይት ወይም ውኃ መጋትም ወደ ሳምባው ስለሚገባ አይገባም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ያነቀውን ነገር ከውጭ በእጅ ወደ አፉ ቀስ እያሉ መግፋት፥ ሆዱ እየተነፋ ከሄደም ሳይዘገዩ ሐኪም መጥራት ነው።

ነገር ግን ማንም ሰው አነቀው ብሎ እጁን ወደ ከብት አፍ ከመስደዱ በፊት የእብድ ውሻ በሽታን ያስብ። ይህ በሽታ የመዋጫውን ጅማት ስለሚያሰንፍ በሬው ምራቁን መዋጥ ያቅተውና ልክ አጥንት እንዳነቀው ይመስላል። ድምፁ ይጎረንናል፥ ያለ ምክንያት ይጮኻል፥ ኋላ እግሩ ይጣመማል፥ ውኃ ይቀርብለትና አይጠጣም። ተሐዋሲው በምራቁ ውስጥ ነው፤ በእጅ ላይ ያለች ጥቂት ጭረት ለመግቢያው ትበቃዋለች። ለባለቤቱ አዝኖ ክንዱን እስከ ጉሮሮው ያገባ ጎረቤት የበሬውን ሞት ራሱ ይወስዳል፤ በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና። ከመታየቱ በፊት ግን መዳን ይቻላል። ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ሥራው እየተሻሻለ መጥቷል። ለሐጩ የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ቍስሉን በወራጅ ውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፥ የታዘዘለትንም ቍጥር ሳያጎድል ይፈጽም። ጠበሉን የሚሻ ሰው ከክትባቱ ጋራ ይጠመቅ፤ ክትባቱን አስቀርቶ ግን አይሁን። የከብቱ ሥጋ አይበላም፥ ወተቱም አይጠጣም፤ ሐኪም ካየው በኋላ በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበራል።

መዥገር ለማጥፋት ዲያዚኖንና ይህን የመሰለ ፀረ ተባይ መድኃኒት በረጩ ማግሥት፥ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ሰዓት፥ የሚመጣ ለሐጭ ደግሞ አለ። መድኃኒቱ በልኩ ሳይበጠበጥ በግምት ሲረጭ ይመርዛል። ምራቁ እንደ ውኃ ይፈስሳል፥ ዕንባው ይወርዳል፥ ያስቀምጠዋል፥ የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፥ ይንቀጠቀጣል፤ በደረቱም ውስጥ ንፍጥ ስለሚሞላ ትንፋሹ ያንኮራፋል። የሚረዳው ሰው ጓንት አድርጎ ገላውን በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠበው፤ ሐኪሙም አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ይወጋዋል። የመድኃኒቱን ጀሪካን አጥቦ ለውኃ መቅጃ ማድረግ ብዙ ቤት ውስጥ ይታያልና ሹማምንቱ ጀሪካኑን እያስበሱ እንዳይሠራበት ማድረግ ይገባቸዋል።

በክረምት መግቢያ ጉሮሮው ሥር ያበጠ፥ የሚያተኵሰው፥ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋና ለሐጩ የሚወርድ ከብት ጎሮርሳ የያዘው ሊሆን ይችላል። ይህ ባንድና በሁለት ቀን ስለሚገድል በመጀመሪያው ሰዓት ካልተወጋ አይደረስለትም፤ ዋናው ክረምት ሳይገባ ማስከተብ ነው።

አሁን ወዳሳሳተኝ ወደ አልቅት ልመለስ። በቆላም በወይና ደጋም ኩሬና የረጋ ምንጭ ባለበት ሁሉ ይገኛል፤ በተለይ በበጋው መጨረሻ ውኃው ሲያንስ ከብቱ ሁሉ ባንድ ጭቃማ ኩሬ ስለሚጠጣ ይበዛል። ይህ ዓይነት አልቅት ጥርሱ ደካማ ስለሆነ የከብትን ቆዳ መብሳት አይችልም፤ ስለዚህ ገና እንደ ክር ቀጥኖ ሳለ ከውኃው ጋራ ገብቶ በአፍንጫ፥ ከምላስ ሥር ወይም በጉሮሮ ለስላሳ ሥጋ ላይ ይጣበቃል፥ ደምም እየመጠጠ ይወፍራል። በገዛ ምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለው፥ ከወደቀም በኋላ ቍስሉ መድማቱን አያቆምም። ከብቱ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥና ምራቅ ያወጣል፥ ራሱን ያራግፋል፥ ያስለዋል፥ ይከሳል፤ ድዱ ይነጣል። በመተንፈሻው አፍ ላይ የተጣበቀ እንደ ሆነ አንቆ ይገድላል።

እረኞች ከብቱን አንድ ቀን ውኃ ከልክለው፥ በማግሥቱ ንጹሕ ውኃ ከአፍንጫው በታች ያቀርቡለታል፤ አልቅቱም ውኃውን ሽቶ ብቅ ሲል በጨርቅ ይዘው ይነቅሉታል፤ በባዶ እጅ ያሙለጨልጫልና። ጨው ሲነሰነስበትም ይለቃል። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ውኃውን በአፍንጫ ጠብ ማድረግም የታወቀ ነው፤ ትምባሆ ግን መርዝ ስለሆነ ከጥቂት ጠብታ አይለፍ። ይህን ሁሉ አድርጎ ከብቱን ወደዚያው ኩሬ መልሶ መንዳት ከንቱ ድካም ነው። መድኃኒቱ ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ አጎልብቶ ውኃውን በቧንቧ ወደ ገንዳ ማውረድ፥ ኩሬውንም ከብት እንዳይገባበት ማጠር ነው። ገንዳውም በየጊዜው ተጠርጎ ይድረቅ። የዚህ ወጪ ከክትባቱ ጉዞ ወጪ ጋራ ቢመዛዘን ብዙ አይሆንም።

እረኛ ልጅም በደረቱ ተኝቶ ከዚያው ኩሬ ስለሚጠጣ ይኸው ያገኘዋል። ደም የተቀላቀለበት አክታ ሲተፋ ወላጆቹ ሳምባ ነቀርሳ ነው ብለው ይሸሽጉታል። በጨው ውኃ ይጕመጥመጥ፥ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ፤ ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን አልቅት ተገኘበትም አልተገኘበትም አክታው ይመርመር።

ከእንግዲህ ስለ ለሐጭ የሚጻፍልን ደብዳቤ ይህን እንዲያመለክት እንለምናለን፤ የታመሙት ስንት እንደ ሆኑና ከስንት ውስጥ እንደ ሆነ፥ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ፥ እግራቸው መቍሰሉን ወይም አለመቍሰሉን፥ ምራቃቸው ነጭ፥ አረፋ ወይም ደም ያለበት መሆኑን፥ ከየት ውኃ እንደሚጠጡ፥ በዚያ ሳምንት መድኃኒት ተረጭቶባቸው እንደ ሆነ፥ በቅርቡም በመንደሩ ያበደ ውሻ ታይቶ እንደ ሆነ። ከሰዎች መካከል ለሐጩን የነካ ካለ ግን ደብዳቤ ሳይጠበቅ በስልክ ለጤና ጣቢያው ይነገር።