ማዳበሪያ የማይሰማው መሬት እና የዓባይ ሸለቆ ድንጋይ

በአዊና በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ዘሩ በወቅቱ ተዘርቶ፣ ማዳበሪያው ተጨምሮ፣ ዝናቡም ሳይጓደል ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ባቄላውም አጥሮ የሚቀርበት ማሳ ጥቂት አይደለም። አርሶ አደሩ ለማዳበሪያ ያወጣው ገንዘብ ሳይመለስለት የምርት ዘመኑ ያልፋል። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዘሩ ወይም በማዳበሪያው ላይ ነው። ችግሩ ግን ከአፈሩ መኮምጠጥ ሊመጣ ይችላል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው።

አፈር ለምን ይኮመጥጣል?

የጎጃም ደጋ አፈር አብዛኛው የተገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈስሶ ከረጋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በውኃና በአየር ሲፈራርስ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይለቃል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ግን ውኃው እነዚህን ማዕድናት አጥቦ ይወስዳቸዋል፤ ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ቀይ አፈር ይቀራል። ገለባው ተጠራርጎ ሲወጣ፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲውል፣ ዩሪያም በየዓመቱ ሲደጋገም ጉዳቱ ይፋጠናል።

የአፈሩ ፒኤች ከ5 ነጥብ 5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ የሰብሉን ሥር ያጫጫል። ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይጣበቃል። ማዳበሪያው መሬት ውስጥ እያለ ሰብሉ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከየት ይገኛል?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ድርብርብ የኖራ ድንጋይ ያያል። ይህ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አካባቢው በባሕር በተሸፈነበት ዘመን የተከማቸ ሲሆን፣ የባሕር እንስሳት ዛጎል ይገኝበታል። ዋና ይዘቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በደንብ ተፈጭቶ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፤ ታጥቦ የሄደውንም ካልሲየም ይተካል። አመድ የሚደፋበት የጓሮ ማሳ ከሩቁ ማሳ የተሻለ የሚያበቅለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ምን ያህል፣ መቼ?

መጠኑ በዓይን አይገመትም። ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ፣ ቀላቅሎ ማስመርመር ያስፈልጋል። በምርመራው ለአንድ ሔክታር 30 ኩንታል ከታዘዘ፣ ለሩብ ሔክታር 7 ኩንታል ተኩል ይሆናል። ከታዘዘው በላይ መጨመርም ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ከሰብሉ ያርቃል።

ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ በእኩል ተበትኖ በእርሻ መቀላቀል አለበት። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ መጨመር ናይትሮጅኑ ወደ አየር እንዲበን ያደርጋል። ለግድግዳ የሚውለው የተቃጠለ ኖራም ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል በግብርና ኖራ ምትክ መጠቀም አይገባም። ኖራ ማዳበሪያን አይተካም፤ ማዳበሪያው እንዲሠራ መንገድ ይከፍታል። ኮምፖስትና ፍግ ሲታከልበት ደግሞ ውጤቱ ይጠናከራል።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ትልቁ ፈተና ክብደቱ ነው። ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ኖራ በርካታ መኪና ይፈልጋል፤ ክረምት ከገባ በኋላ ደግሞ የገጠሩ መንገድ አያስገባም። ስለዚህ የአፈር ናሙናው አዝመራው እንደተነሳ ተወስዶ፣ ኖራው በበጋው ቀበሌ ድረስ መግባት ይኖርበታል። ከዘር በኋላ የደረሰ ኖራ ለዚያ ዓመት ሰብል አይደርስም።