ትልቅ ቸርኬ ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል?

መኪና የገዛ ወጣት ቶሎ ከሚለውጣቸው ነገሮች አንዱ ቸርኬ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን ባለ 15 ኢንች አውልቆ በ17 ወይም በ18 ኢንች ይተካዋል። መኪናይቱ ዐይን ትማርካለች፤ ባለቤቱም ደረቱን ነፍቶ ይነዳል። እኛ የውበት ጠላቶች አይደለንም። ነገር ግን መኪና የሚታይ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሳፈርበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ በዚህ ለውጥ የሚገኘውንና የሚታጣውን ነገር ከመግዛት በፊት መመርመር ይገባል እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ «ትልቅ ጎማ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሚደባለቁ እንወቅ። አንደኛው ብረቱን ማለት ቸርኬውን ማሳደግ ነው። ሁለተኛው የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ማሳደግ ነው። የሁለቱም ውጤት የተለያየ ነው።

ልዩነቱን ለማየት በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ብዙ የቶዮታ ኮሮላ መኪናዎች የሚጫሙትን 195/65R15 እንውሰድ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ይኸውም ወደ 127 ሚሊሜትር ይመጣል። R የሚለው ፊደል በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉ መሆናቸውን ሲያመለክት፥ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ ቸርኬውንና ሁለቱን ጎኖች ብንደምር ጠቅላላው ቁመት 634 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን በዚያው መኪና ላይ 225/40R18 እናስገባ። ጠቅላላው ቁመት 637 ሚሊሜትር ነው፤ ከቀድሞው የሚበልጠው በ3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የጎማው ጎን ግን ከ127 ወደ 90 ሚሊሜትር ወርዷል። እንግዲህ መኪናው ከፍ አላለም፤ ብረቱ አድጎ አየሩ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ አየር ቀላል ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር ለሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው፥ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ እንዳይነጥር ከሠራው ሥራ ተነሥቶ ነው። ዛሬም ጠጠርና ጉድጓድ ሲያጋጥም ከሞላውና ከአሞርዛተሩ አስቀድሞ ምቱን የሚቀበለው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ጎኑ ረዘም ያለ ጎማ ተጨፍልቆ ምቱን ያበርዳል። ጎኑ ያጠረ ጎማ ግን የሚጨፈለቅበት ቦታ ስለሌለው ምቱን ለብረቱ፥ ብረቱም ለተሳፋሪው ወገብ ያስተላልፈዋል። በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ከዚህ የመጣ ነው። ጉድጓዱ የከፋ እንደ ሆነም ቸርኬው ይጣመማል፥ ጎማውም በብረቱና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ተቆንጥጦ በጎኑ ያብጣል። ያበጠ ጎማ ደግሞ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ከሞላ በላይ ያለው ክብደት አንድ ነው፤ ከሞላ በታች ያለው ሌላ ነው። ሰው አምስት ኪሎ በጀርባው ተሸክሞ ቢሮጥና ያንኑ አምስት ኪሎ በእግሮቹ ላይ አስሮ ቢሮጥ፥ ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ጎማና ቸርኬ የመኪና እግር ናቸው። ቸርኬው በትልቅነቱ ከከበደ (አብዛኛውን ጊዜም ይከብዳል) ድንጋይ ወደ ላይ ሲገፋው ሞላው በፍጥነት ወደ መሬት ሊመልሰው አይችልም። ጎማው ከመሬት በተለየበት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሠሩም፤ መኪና የሚታዘዘው ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ ነውና። ከዚህም በላይ ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ በራቀ ቁጥር ለማሽከርከርም ለማቆምም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ታዲያ ትልቅ ቸርኬ ምንም ጥቅም የለውም ወይ? አለው። ጎኑ ረጅም የሆነ ጎማ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይለመጣል፤ ስለዚህ ሹፌሩ መሪውን ካዞረ በኋላ መኪናው ትንሽ ዘግይቶ ይታዘዛል። ጎኑ ያጠረ ጎማ ግን ወዲያው ይመልሳል። በውስጡም ለትልቅ ፍሬን ስፍራ ይገኛል። የፎርሙላ 1 እሽቅድምድም መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ከ13 ወደ 18 ኢንች ቸርኬ ተዛውረዋል። ነገር ግን እነርሱ የሚሮጡት ለእሽቅድምድም በተዘጋጀ ለስላሳ መንገድ ላይ መሆኑን አንርሳ። ደግሞም ከትልቅ ቸርኬ ጋር አብሮ የሚመጣው ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ቢጠቅምም፥ በክረምት ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ውሃውን ሰንጥቆ ማለፍ ይከብደዋል፤ ጥርሱ ያለቀ እንደ ሆነም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንመለስ። በዚያው ኮሮላ ላይ 205/65R16 ቢገባ ጠቅላላው ቁመት ወደ 673 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ይህም የ6 በመቶ ጭማሪ ነው። እዚህ ላይ ለጉዞ ምቾት እውነተኛ ትርፍ አለ። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ እናስብ። የጎማውን መጨፍለቅ ሳንቆጥር በጂኦሜትሪ ብናሰላው፥ ግማሽ ዲያሜትሩ 250 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ጎማ በጉድጓዱ ውስጥ 50 ሚሊሜትር ይሰምጣል። የኮሮላው የቀድሞ ጎማ 38፥ አዲሱ ደግሞ 35 ሚሊሜትር ያህል ይሰምጣሉ። ትልቅ ጎማ ጉድጓድ ይንቃል መባሉ ሐሰት አይደለም።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አንደኛ፥ ቀድሞ ትክክል የነበረው የፍጥነት መለኪያ 80 ሲያሳይ መኪናው ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ሁለተኛ፥ ሞተሩ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል 6 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ዳገት ላይ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ግድ ይሆናል። ሦስተኛውና አስጊው፥ ፍሬኑ ያው ነው፤ የሚያቆመው ጎማ ግን አድጓል። ሹፌሩ እንደ ቀድሞው ቢረግጥ መኪናው እንደ ቀድሞው አይያዝለትም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቤተሰብ ጭኖ ለሚወርድ ሰው ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም፤ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዙም በዚያው መጠን ስለሚደክም፥ የቀረው ሥራ ሁሉ በጋለው ፍሬን ላይ ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በ19 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከተጨመረው ቁመት ግማሹ ከመሐሉ በላይ ነውና።

ትንሽ ጎማም ቢሆን በራሱ መልስ አይደለም። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ስትወጣ ባለ 10 ኢንች ቸርኬ ነበረች፤ በዚህም ለተሳፋሪ ስፍራ ተረፈላት። በአገራችን መንገድ ዕድሜ ያስቆጠረችው ቮልስ ግን ባለ 15 ኢንች ሆና ቀጭንና ጎኑ ረጅም ጎማ ተጫማች። ሁለቱም መሐንዲሶች ሞላውን፥ ፍሬኑንና ጎማውን በአንድነት አስበው ነው የሠሩት። አንዱን ብቻ የሚለውጥ ሰው ይህን ስምምነት እንደሚያፈርስ ይወቅ።

መለወጥ ለሚፈልግ አንባቢያችን የምንመክረው ይህ ነው። ጠቅላላው ቁመት ከቀድሞው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይለይ ያስላ። ከቸርኬው ዲያሜትር ቁጥር በኋላ የተጻፈውን የክብደት ምልክት ይመልከት፤ 91 ማለት አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ባትሪያቸው ከባድ ለሆነ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ እንደ ሆነ መሪው እንደሚከብድና ኩሽኔታው ቶሎ እንደሚበላ አይዘንጋ። ጎማው ከገባ በኋላ መኪናውን ሰው ሞልቶ፥ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፥ ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ይፈትን። ነፋሱንም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያስለካ፤ ጎኑ ያጠረ ጎማ ትንሽ ጉድለት እንኳ አይችልምና።

ጫማ የሚገዛ ሰው የእግሩን ልክና የሚሄድበትን መንገድ ያያል። ለመኪናም እንዲሁ ነው። 15 ኢንቹን በ16 መለወጥ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በጉድጓድ መንገድ ላይ 18 ኢንች ማስገባት ግን ጎሚስታውን ከማስደሰት በቀር ጥቅሙ ለዐይን ብቻ ነው። ለዐይን ሲባል የሚከፈለው ብር የባለቤቱ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ የሚረዝመው ርቀት ግን መንገድ የሚያቋርጠውንም እግረኛ ይመለከታል።