ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ቃለ መጠይቅ የሚሸሽ ሙዚቀኛ በቶሎ ኩራተኛ ይባላል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው እላለሁ። የሚያስፈራውም ጥያቄው ሳይሆን መልሱ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነው።

የቢትልሱ ጆን ሌነን የደረሰበትን እንይ። በ1966 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የለንደኑ የኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ባልደረባ ሞሪን ክሊቭ ቤቱ ሄዳ አነጋገረችው። የሚተዋወቁ ሰዎች ስለነበሩ ጨዋታቸው ዘና ያለ ነበር። ሌነን በመሐል ክርስትና እየተዳከመ መምጣቱን፣ ቢትልስም ከኢየሱስ ይልቅ ዝነኛ መሆናቸውን ተናገረ። ጽሑፉ ማርች 4 ቀን ሲታተም እንግሊዝ ውስጥ ብዙም ያስቆጣው ሰው አልነበረም።

ከወራት በኋላ ዴትቡክ የተባለ የአሜሪካ ወጣቶች መጽሔት ከዚያው ንግግር አንዲት ዓረፍተ ነገር ነጥሎ ሽፋኑ ላይ አወጣት። ያን ጊዜ ነገሩ ተቀጣጠለ። በተለይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቻቸውን ማሰማት አቆሙ፤ ሸክላዎቻቸውም በአደባባይ ተቃጠሉ። ክሊቭ ራሷ፣ ሌነን ስለ ሃይማኖት መዳከም መናገሩ እንጂ መኩራራቱ እንዳልነበረ አስረዳች። ሰሚ ግን አላገኘችም። በኦገስት ሌነን ቺካጎ ላይ በጋዜጠኞች ፊት ይቅርታ ጠየቀ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ የዋሸ ጋዜጠኛ የለም። ቃሉ የራሱ የሌነን ነው። የጎደለው በፊትና በኋላው የነበረው ወሬ ነው። የሰዓታት ጨዋታ ወደ አንድ ገጽ ሲጠብብ ጸሐፊው ይመርጣል፤ ርዕሱንና ሽፋኑን ደግሞ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ይወስናል። ተናጋሪው የሚያየው ከታተመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መከላከያ ያበጃል። ቦብ ዲላን በ1965 ጋዜጠኞችን በቀልድና በተገላቢጦሽ ጥያቄ ያደናግር ነበር። ፕሪንስ ድምፁ እንዳይቀረጽ ይከለክል ነበር። ቢዮንሴ በ2015 የቮግ መጽሔት የሴፕቴምበር ሽፋን ላይ ስትወጣ ቃለ መጠይቅ አልሰጠችም። ይህ የመጨረሻው ይገባኛል፤ ግን ያሳዝነኛል። ዘፈኑን ደጋግሞ ሰምቶ የመጣ ጠያቂ፣ ዘፋኙ ራሱ ያላስተዋለውን ነገር የሚያወጣበት ጊዜ አለና።

ሌነን ግን ያ ሁሉ ደርሶበትም መናገር አልተወም። ዲሴምበር 8 ቀን 1980፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ ለአንድ የሬዲዮ ቡድን ለሰዓታት ስለ ሥራውና ስለ ቤተሰቡ ሲያወራ ዋለ። በዚያው ምሽት ተገደለ።