ምንጩን የሰጠን ድንጋይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል ወደ መርሐ ቤቴ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ዓለም ከተማ ከመድረሱ በፊት የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቻችን በዚህ ቍልቍለት ስናልፍ የምናስበው ስለ መንገዱ ጠመዝማዛነት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በግራና በቀኝ የቆመው ገደል እንደ ብራና መጽሐፍ የተደራረበ ነውና፥ ቆም ብለን ብንመለከተው ለቤታችን የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን።

ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰና የረጋ ነው። ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፥ ቀጥሎም የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ በባሕር ወለል የተከማቸ ስለ ሆነ፥ ይህ አገር በጥንት ዘመን ባሕር ተኝቶበት እንደ ነበረ ይመሰክራል። የሥነ ምድር ሊቃውንት የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚሉት ንብር ውስጥም 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

ይህ ዕውቀት ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩ ሲሠሩበት ኖረዋል። ለወፍጮና ለመጅ ሻካራውንና ጠንካራውን ድንጋይ ይመርጣሉ፤ ሲለሰልስም ያስወቅሩታል። ለጉልቻ እሳት የማይበግረውን ይፈልጋሉ፤ የኖራ ድንጋይ እሳት ሲበዛበት ይፈረካከሳልና። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ጉልቻው ቢሰነጠቅ ግን ወጡ መደፋቱ አይቀርም! የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ሲመታ የሚያስተጋባውን ድንጋይ ለይተው፥ በዐጸዱ ሰቅለው፥ እንደ ደወል ምእመናንን ሲጠሩበት ኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የውኃው ነገር ነው። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል፤ ውኃ ከማያሳልፈው የጭቃ ንብር ሲደርስ ግን ይታገድና፥ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንስራችንን የምንሞላበት፥ ጠበል ብለንም የምንጠመቅበት ውኃ ብዙ ጊዜ መንገዱ ይኸው ነው። ያው ውኃ ከመጠን ሲያልፍ ግን የጭቃውን ንብር ያሟልጨዋል፤ በላዩ የተጫነውም መሬት ከነቤቱና ከነአዝመራው ይንሸራተታል። ምንጩን የሰጠን ስፍራ እንዲህ ናዳንም ሊያመጣብን ይችላል።

የአፈሩና የድንጋዩ ዓይነት ከቦታ ወደ ቦታ ቢለያይም የውኃው ሥራ አንድ ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፥ በደብረ ሲና አቅራቢያ፥ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተ ሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በደቡብም በጎፋ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከብርቱ ዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ወገኖች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደባቸው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ በተዳፋት ሥር የምንኖር ሁሉ ምልክቶቹን እንወቅ፤ ልጆቻችንንም እናስተምር። ከቤት በላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፥ አጥርና ዛፍ ሲያዘነብል፥ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል፥ ጥርት ያለው ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ወይም ሲጠፋ፥ መሬቱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሕፃናትንና አረጋውያንን አስቀድሞ ማሸሽ፥ ለቀበሌውም ፈጥኖ ማስታወቅ ይገባል። ናዳ በወረደበት ቦታ ለመቆፈር የሚሄዱ ሁሉ ሽቅብ የሚመለከት ጠባቂ ያቁሙ። በበጋም ጎርፉን ከተዳፋቱ የሚመልስ ቦይ መቅደድ፥ የተዳፋቱንም እግር ለቤት መሥሪያ ብሎ አለመቁረጥ ብልህነት ነው።

በወንጌል የተመሰገነው ልባም ሰው ግድግዳውን ከማቆሙ አስቀድሞ ዓለቱን ከአሸዋው የለየ ሰው ነበር። እኛም ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቀን ከልጆቻችን ጋር ወጥተን፥ ከቤታችን በላይና በታች ያለውን መሬት እየዞርን እንመልከት።