በማግኔት የሚለቀም ብር

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ባዛልት አለት፣ ማግኔታይት የተባለውን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ በውስጡ ይይዛል። አለቱ ሲፈራርስ ቅንጣቶቹ ከወንዝ አሸዋ ጋር ይቀላቀላሉ። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በደረቅ አሸዋ ላይ ብናሳልፍ ጥቁሮቹ ብቻ ተለይተው ይጣበቁበታል። የተደበላለቀን ነገር እንዲህ የመለየት ችሎታ ለናኖ ሳይንስ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል።

ለመሆኑ ጥያቄው ምንድን ነው? አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ለጌጥ የምናውቀው ብር፣ የገጽ ስፋቱ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይኸው ብር ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደ ሆነ ኩቦች ቢከፋፈል (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ገጹ ስለሆነ ጥቂት ብር ብዙ ሥራ ይሠራል። ችግሩ ከሥራው በኋላ ነው፤ ይህን ያህል ያነሰ ቅንጣት በተራ ማጣሪያ ወረቀት አይያዝም፣ ብርም በማግኔት አይሳብም። ስለዚህ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ብር ከፍሳሹ ጋር ይደፋል።

መፍትሔው ብሩን በሚሳብ ነገር ላይ መጫን ነው። ሬኔ ማሳር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ዘዴ፣ ሁለት ዓይነት የብረት ክሎራይዶች (በአንደኛው ብረቱ 2፣ በሌላው 3 ኤሌክትሮን ያጣባቸው) በ1 ለ 2 ምጣኔ በውኃ ሟሙተው አሞኒያ ሲጨመርባቸው ወደ 10 ናኖ ሜትር የሚጠጉ የማግኔታይት ቅንጣቶች ይወጣሉ። ማግኔቱ ሲርቅ ማግኔታዊነታቸው ስለሚጠፋ ዳግም ለመበተን ይመቻሉ።

ይሁን እንጂ ብቻውን የቆመ ቅንጣት ለማግኔት በቀላሉ አይታዘዝም። የሚስበው ኃይል ከይዘቱ ጋር አብሮ ስለሚያንስ፣ የውኃ ሞለኪውሎች ግፊያ ያሸንፈዋል። ፖሊመሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣው ኪቶሳን ብዙ ቅንጣቶችን በአንድ እንክብል ያስራል፤ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የናይትሮጅን ክፍሎችም የብር አዮኖችን ይይዛሉ። አዮኖቹ በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አማካይነት ኤሌክትሮን ሲያገኙ በተያዙበት ስፍራ የብር ናኖ ቅንጣት ይሆናሉ።

ለፍተሻ የሚያገለግለው 4-ናይትሮፌኖል ነው። ከቦሮሃይድራይድ ጋር ብቻውን ለሰዓታት ቢጫ ሆኖ የሚቆየው ፈሳሽ እንክብሎቹ ሲገቡበት ቀለሙን ያጣል። ከዚያም በማግኔት ተለቅመውና ታጥበው ለሁለተኛ ዙር ይቀርባሉ። ነገር ግን ደጋግሞ መሥራት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። እንክብሎቹን በሥራው አጋማሽ ማውጣት ይገባል፤ የቀረው ፈሳሽ ቀለሙን ማጣቱን ከቀጠለ ብሩ ከፖሊመሩ አምልጧል ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከቤተ ሙከራ ውጭም ትርጉም አለው። በዳንግላ ገጠሮች በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠጡ ቤተሰቦች አሉ። ብር ባክቴሪያን ስለሚገድል፣ እንክብሎቹ ለውኃ ማከሚያ ቢሆኑስ ብለን ማሰባችን አይቀርም። ሆኖም ባክቴሪያን በአመዛኙ የሚገድለው ከቅንጣቱ የሚለቀቀው አዮን ነው፤ አዮኑን ደግሞ ማግኔት መልሶ አይለቅመውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የጠቀሰው መጠን በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ በማግኔቱ ላይ የተሰበሰበውን ዓይተን ከመደሰታችን በፊት፣ በውኃው ውስጥ የቀረውን እንለካ።