የሰማዩን ወሬ ማንበብ፦ ትንበያ፣ ጎርፍና የነጎድጓድ አስም በዲር ፓርክ

ዲር ፓርክ ሜዳ ላይ የተሠራች ሰፈር ናት። ከምዕራብ የሚነሣውን ነፋስ የሚገታ ተራራ አጠገቧ የለም። የዓመት ዝናቧም ቢበዛ ከአዲስ አበባው ግማሹን ያህል ነው። በዚህም የተነሣ በርካታ ወገኖቻችን የአየር ጠባይ ትንበያ ሲነገር «ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተው» ከማለት አልፈው አያዳምጡም። «እዚህ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ!» የሚለውም ብዙ ነው።

ዝናብ ያነሰበት አገር ግን ጎርፍ የለበትም ማለት አይደለም። ለዚህ ድሬዳዋ ትመስክር። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. (ኦገስት 6 ቀን 2006) ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በዚያው ደረቅ ወንዝ መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ከነእንቅልፋቸው ወሰደ። በሜልበርንም ኦክቶበር 14 ቀን 2022 የማሪቢርኖንግ ወንዝ ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከ500 በላይ ቤቶችን አጥለቅልቋል። ያን ውሃ ያመጣው በአብዛኛው ከከተማው በስተሰሜን፣ ከወንዙ ራስጌ የጣለው ዝናብ ነበር። በዲር ፓርክ በኩል የሚያልፈው ኮሮሮይት ክሪክ ከማሪቢርኖንግ ጋር አይገናኝም፤ በአልቶና በኩል ወደ ባሕር ይገባል። ነገር ግን እሱም ውሃውን የሚያመጣው ከሩቅ ነው። ስለዚህ በመስኮት አይቶ «ዝናቡ አባርቷል» ማለት አያስተማምንም።

ታዲያ የሜትሮሎጂ ቢሮው ትንበያ እንዴት ይነበባል? «70 ከመቶ ዝናብ» ሲባል ከቀኑ 70 ከመቶው ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ በተባለባቸው አሥር ቀናት ውስጥ በሰባቱ ገደማ ይዘንባል ማለት ነው። «ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር» ሲባል ደግሞ ትልቁ ቁጥር ጣሪያ አይደለም፤ ከዚያም በላይ የመዝነቡ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ከሁሉ የሚያደናግሩት «ፍለድ ዋች» እና «ፍለድ ዋርኒንግ» የሚባሉት ናቸው። የመጀመሪያው «ጎርፍ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ» የሚል ሲሆን እስከ አራት ቀን አስቀድሞ ይወጣል። ሁለተኛው መምጣቱ የተረጋገጠ ወይም የተቃረበ ሲሆን ነው። ዝናቡ በጣለ በ6 ሰዓት ውስጥ ለሚደርስ ደራሽ ጎርፍ ግን ለየወንዙ ተብሎ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ አይጠበቅም፤ የሚሰማው የከባድ ነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች ይህን ልብ ቢሉት ይበጃል። ትንሽ መኪና ለማንሳፈፍ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፤ ይህም ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አይበልጥም።

የሆነ ሆኖ ምዕራብ ሜልበርንን ክፉኛ የጎዳው ነጎድጓድ በውሃ የመጣ አልነበረም። ኖቬምበር 21 ቀን 2016፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ከፍ ብሎ ዋለና ወደ ማታ ከምዕራብ ነጎድጓድ መጣ። (አገር ቤት በዚያው ዕለት «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ በየደጁ ጭስ ይጨሳል፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው።) ከነጎድጓዱ ፊት የመጣው ነፋስ ከግጦሽ መሬቶች የራይ ሣር ብናኝ አፍሶ ከተማው ላይ አራገፈው። ደረቁ ብናኝ ወትሮ ትልቅ ስለሆነ አፍንጫ ላይ ይቀራል። የደመናው እርጥበት ሲያገኘው ግን ይፈነዳና ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ነገር ይሆናል። በ30 ሰዓት ውስጥ በመተንፈሻ ችግር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ከወትሮው በ3,300 በላይ በለጠ። 10 ሰዎች ሞቱ።

ከታመሙት ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት አስም እንዳለባቸው የማያውቁ ነበሩ፤ የሚያውቁት በጸደይ ወራት ዓይናቸውን እንደሚያሳክካቸውና አፍንጫቸው እንደሚፈስ ብቻ ነው። ከህንድ፣ ከስሪላንካና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጡ ሰዎች ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ተጎድተዋል። ይህ ሣር በሌለበት አገር አድጎ እዚህ ጥቂት ዓመታት የኖረ ሰው ሰውነቱ ቀስ በቀስ ብናኙን መጥላት ይጀምራል። «እኔ አገሬ እያለሁ አስም አልነበረብኝም» የሚለው አነጋገር እንግዲህ መከላከያ አይሆንም።

ከ2017 ወዲህ መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የነጎድጓድ አስም ትንበያ ያወጣል፤ የዕለቱንና የቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ይናገራል። «ቪክ ኢመርጀንሲ» በተባለው የስልክ አፕ ላይ ይገኛል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች በ131 450 ደውለው አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ጣሪያ ሲነሣ ወይም ውሃ ቤት ሲገባ የሚጠራው ኤስ.ኢ.ኤስ. ቁጥሩ 132 500 ነው።

ትንበያው «ከፍተኛ» ካለ ነፋሱ ሳይደርስ ቤት መግባት፣ መስኮት መዝጋትና የአየር ማቀዝቀዣው የውጭ አየር እንዳያስገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰማያዊው የአስም መንፊያ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ መንፊያውን አራት ጊዜ መስጠት፣ በእያንዳንዱ መሐል አራት ጊዜ ማስተንፈስ፣ ከዚያ አራት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ካልተሻለው 000 ደውሎ «አምቡላንስ»፣ ቀጥሎም «አምሃሪክ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጉ መጠበቅ፤ እስኪደርሱም ድረስ መንፊያውን በዚያው ሥርዓት መቀጠል ነው።